መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ኃይለኛ ሙቀትና ሰደድ እሳት አብረው ሲመጡ

ሊተን በምዕራብ ካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጁን 29 ቀን 2021 እዚያ የተመዘገበው ሙቀት 49.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካናዳ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር አይታ አታውቅም። በማግስቱ መንደሯ በእሳት ተያያዘች። ነዋሪዎቿ ያገኙትን አንጠልጥለው በደቂቃዎች ውስጥ ወጡ፤ አብዛኛው ቤት አመድ ሆነ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ዓለም የሊተንን ስም ያወቀው በዚህ እሳት ነው።

በዚያው ሳምንት በዚያው ክፍለ ሀገር ሙቀቱ ብቻውን 619 ሰዎች ገደለ። የክፍለ ሀገሩ የአሟሟት መርማሪ መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳረጋገጠው ከእነዚህ ሰዎች 98 በመቶዎቹ አደጋው የደረሰባቸው ከጣሪያ ሥር ነው። ጫካ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ አልነበሩም። ሁለት ሦስተኛዎቹ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ይህ የቁጥር ልዩነት ስለ ሙቀትና ስለ ሰደድ እሳት የምንነጋገርበትን መንገድ መለወጥ ነበረበት። እሳት ይታያል፤ ካሜራ ይስባል፤ ሰው ነቅሎ እንዲሸሽ ያደርጋል። ሙቀት ግን ድምፅ የለውም፤ የሚገድለውም መሸሸጊያ ብለን በገባንበት ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ሲመጡ ደግሞ የአንዱ መከላከያ የሌላውን አደጋ ያባብሳል። በሲያትል፣ በፖርትላንድ፣ በካሊፎርኒያና በምዕራብ ካናዳ ከተሞች ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህ በየበጋው የሚመለስ ጥያቄ ሆኗል።

የሙቀት ጉልላት ምንድን ነው?

በ2021 በዜና የተደጋገመው “የሙቀት ጉልላት” የሚለው አጠራር እንግዳ ቢመስልም አሠራሩ ቀላል ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው የአየር ክምችት በአንድ አካባቢ ላይ ተተክሎ ለቀናት አልነቃነቅ ይላል። አየሩ ወደ ታች ይጫናል። የብስክሌት ጎማ ሲነፋ መንፊያው እንደሚግል ሁሉ፣ የሚታመቅ አየርም ይሞቃል። የሚወርደው አየር ደመና እንዳይፈጠር ስለሚከለክል ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ግርዶሽ መሬቱን ትመታለች፤ የጁን መጨረሻ ደግሞ ቀኑ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የሚረዝምበት ጊዜ ነው። መሬቱ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ከፀሐይዋ ጉልበት ከፊሉ ውኃውን በማትነን ያልቅ ነበር። ከደረቀ ግን ሁሉም አየሩን ወደ ማሞቅ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ጁን 28 ቀን ሲያትል 42.2፣ ፖርትላንድ ደግሞ 46.7 ዲግሪ ደረሱ። በዚያ ወቅት የሲያትል የተለመደ የቀን ሙቀት ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። የካናዳ የቀድሞ ክብረ ወሰን ከ1937 ጀምሮ የቆየ 45 ዲግሪ ነበር። የሙቀት ክብረ ወሰን ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በዲግሪ ክፍልፋይ ነው፤ በአንድ ጊዜ በ4.6 ዲግሪ መሰበሩ ሙያተኞቹንም አስደንግጧል።

ምክንያቱን በተመለከተ ክርክር ነበር፤ አሁንም አለ። የአየር ንብረት ለውጥ በአንድ ክስተት ላይ ያለውን ድርሻ የሚመረምረው ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን፣ ሰው ሠራሽ የአየር ንብረት ለውጥ ባይኖር ያ ሙቀት ሊከሰት አይችልም ለማለት የሚያስደፍር ነው፣ ለውጡም ሙቀቱን በ2 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎታል አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የአየር ሁኔታ ሊቅ ክሊፍ ማስ በበኩላቸው ዋናው ምክንያት ብዙ የአየር ሁኔታዎች በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸው እንደሆነ ተከራከሩ። ሁለቱ አስተያየቶች በአደባባይ እንደሚቀርቡት ያህል የሚራራቁ አይመስለኝም። ከተለመደው በላይ ከታየው 17 ወይም 18 ዲግሪ አብዛኛውን ያመጣው ያልተለመደው የአየር ሁኔታ ነው፤ ከሥር ያለውን ወለል ከፍ ያደረገው ደግሞ የዓለም መሞቅ ነው። ለአንድ የ80 ዓመት ሰው ልብ ወሳኞቹ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲግሪዎች ናቸው። 40 ዲግሪን በጭንቅ ያለፈ አካል 42ን ላያልፍ ይችላል።

“የፀሐይ ሀገር ሰዎች ነን”

ሙቀት ሲነሳ በዳያስፖራው ዘንድ የሚሰማ አባባል አለ፦ ከፀሐይ ሀገር ስለመጣን አይበግረንም የሚል። ፀሐይና ሙቀት ግን አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቀኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሲመሽ ጋቢ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ትበርዳለች። የደጋ ልጅ ፀሐይ ይለምድ ይሆናል እንጂ 40 ዲግሪን የሚለምድበት ዕድል አልነበረውም።

ሁመራ፣ ጋምቤላ ወይም አፋር ያደገ ሰው በእርግጥ ሌላ ነው። ነገር ግን የሰውነት የሙቀት ልምምድ እንደ ቋንቋ አብሮ የሚኖር ሀብት አይደለም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ከሙቀቱ ሲርቅ ልምምዱን በሳምንታት ውስጥ ያጣዋል። ሲያትል ለአሥር ዓመት የኖረ የሁመራ ሰው ለሰውነቱ የሲያትል ሰው ነው።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ደምን ወደ ቆዳ በመላክና በላብ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘው በመፍሰሱ ሳይሆን በመትነኑ ነው፤ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ለዚህም ነው ሳይንቲስቶች ቴርሞሜትሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የሚለኩትን ሙቀት የሚከታተሉት። በዚህ መለኪያ 35 ዲግሪ የሰው ልጅ የመጨረሻ ወሰን ነው ተብሎ ለዓመታት ይታሰብ ነበር፤ በአሜሪካ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ወሰኑ ወደ 31 ዲግሪ ዝቅ ሊል እንደሚችል አሳይቷል። ደምን ወደ ቆዳ ለመግፋት ልብ በእጥፍ ይሠራል፤ ኩላሊት ውኃ ያጥረዋል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አእምሮ መዛባት ይጀምራል። ሂትስትሮክ የሚባለው ይህ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ድንገተኛ ሕመም ነው።

የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛው ዓይነት፣ የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ማላብን ወይም ጥማትን ያዛባሉ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከሞቱት መካከል የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች በሕዝቡ ውስጥ ካላቸው ድርሻ እጅግ በልጠው ተገኝተዋል። መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሌላ አደጋ ስለሆነ፣ ሐኪምን መጠየቅ የሚሻለው በጋው ከመግባቱ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ማንሳት ያስፈልጋል። ጾመ ፍልሰታ በኢትዮጵያ የሚውለው በክረምት፣ ዝናቡና ጭጋጉ በበረታበት ሰሞን ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው፤ ሙቀቱም ጭሱም ጫፍ የሚደርሱበት ጊዜ። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀዝቃዛ አየር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ የዋሉ እናት፣ ፖርትላንድ ውስጥ በሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ 35 ዲግሪ ላይ እንደዚያው ሲውሉ ጾሙ አንድ ቢሆንም በአካላቸው ላይ የሚሆነው አንድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኞችና ለደካሞች የምታደርገው ፈቃድ ቀድሞም ያለ ነው። ጉዳዩን ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ሙቀቱ ከገባ በኋላ ከመጨነቅ ይሻላል።

ቤቱ ለምን ይግላል?

የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ቤቶች የተሠሩት ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ነው። ለዘጠኝ ወር ቅዝቃዜና ዝናብ ያ ብልሃት ነበር። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ጥናት እንደሚያሳየው በ2019 በሲያትልና አካባቢዋ አየር ማቀዝቀዣ የነበራቸው ቤቶች 44 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ዝቅተኛው ነው። በላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ አፓርታማ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል። ውጭ ሲበርድ ውስጡ አይበርድም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሞት ቁጥር የሚያሻቅበው፣ አካል በሌሊት የሚያርፍበት ጊዜ ስለሚያጣ ነው።

ጫካው ለምን እንደ ክብሪት ሆነ?

ሞቃት አየር የተጠማ አየር ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አየር ሊሸከመው የሚችለው የውኃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያንን ውኃ የሚስበው ደግሞ ከቅጠል፣ ከሣርና ከአፈር ነው። በተራሮቹ ላይ ያለው በረዶ ቀደም ብሎ ሲቀልጥ ጫካው የሚደርቅበት ጊዜ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ፍንጣሪ ብቻ ነው። በአሜሪካ ከሚነሱት ሰደድ እሳቶች አብዛኞቹን የሚያስነሳው የሰው እጅ ነው፦ ያልጠፋ የካምፕ እሳት፣ ርችት፣ የተሽከርካሪ ብልጭታ፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ።

ሌላው ወገን ጥፋቱ የአየር ንብረት ሳይሆን የደን አያያዝ ነው ይላል፤ ይህም መሠረት አለው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1935 ያወጣው መመሪያ፣ የትኛውም እሳት በታየ ማግስት እስከ ጠዋቱ 10 ሰዓት (በእኛ አራት ሰዓት) እንዲጠፋ ያዝዝ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በየጊዜው በልክ እያቃጠሉ ጫካውን ያሳሱ ነበር፤ ያ ልማድ ተከለከለ። ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመው ቅጠልና ጭራሮ ዛሬ የሚነደው እሳት ቀለብ ሆነ። አሁን ታቅዶ በልክ ማቃጠል እየተመለሰ ነው። ይሁን እንጂ በሃዋይ የላሃይና ከተማን በ2023 ያወደመው እሳት የመጣው ከጥቅጥቅ ደን ሳይሆን ከደረቀ ሣርና ከኃይለኛ ነፋስ ነው፤ የደን አያያዝ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም።

ቤቶችን የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ የእሳቱ ግድግዳ ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣ ፍም ነው። አሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ቅጠል ላይ፣ በበረንዳ ምንጣፍ ላይ፣ ከግድግዳ በተጠጋ ቁጥቋጦ ላይ ያርፍና ቀስ ብሎ ይያያዛል። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ከሚቀጣጠል ነገር ማጽዳት፣ ርቆ ያለ ዛፍ ከመቁረጥ ይልቅ ይጠቅማል።

ጭሱ ከእሳቱ ይርቃል

በ2023 ካናዳ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተቃጠለ። በጁን ወር የኩቤክ ጭስ የኒውዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ አደረገው፤ በማግስቱም ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸውን ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን ጨምሮ የዋሽንግተን ዲሲን አካባቢ ሸፈነው። እሳቱን በዓይኑ ያላየ ሰው ዓይኑ ይቆጠቁጠው፣ ደረቱ ይጨንቀው ጀመር።

በጭሱ ውስጥ አደገኛው ነገር ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ ወደ ሳንባ ጥልቀት ይገባል፤ ከዚያም ወደ ደም ሊያልፍ ይችላል። አስም ያለበትን ብቻ ሳይሆን የልብ ሕመም ያለበትንም ይጎዳል። የአየር ጥራት መለኪያው ከ0 እስከ 500 ይደርሳል፤ ከ150 በላይ ለሁሉም ጎጂ፣ ከ300 በላይ አደገኛ ተብሎ ይመደባል። ነጠላን ወይም የጨርቅ ጭምብልን አፍ ላይ ማድረግ ለዚህ ብናኝ እምብዛም አይጠቅምም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ግን ይጠቅማል።

ሁለት ምክሮች ሲጋጩ

የነገሩ ዋና ችግር እዚህ ነው። የሙቀት መመሪያ ሲመሽ መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ ይላል። የጭስ መመሪያ ደግሞ መስኮት ዝጉ፣ ክፍተቱንም ድፈኑ ይላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ከሁለቱ የትኛውን ይስማ? ዝግ ቤት ውስጥ ከሙቀቱ ጋር መታፈን ወይም ጭሱን አስገብቶ መተንፈስ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የጤና ባለሥልጣናት ምክር በአብዛኛው ሙቀቱን ያስቀድማል። ጭስ ብዙ ሰዎችን የሚጎዳው በቀናትና በሳምንታት ሲሆን ሙቀት ግን በሰዓታት ይገድላል። ከባድ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህ ሚዛን ይቀየራል። እኔ እንደማየው ትክክለኛው መልስ ምርጫው ውስጥ ከመግባት በፊት ያለው ነው፦ ቤቱን ሁሉ ማዳን ስለማይቻል አንድ ክፍል መምረጥ። በተቻለ መጠን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ፣ ጥቂት መስኮት ያለው ክፍል ይመረጥ፤ መስኮቱ ቀን ከውጭ በኩል ይጋረድ፤ ማቀዝቀዣም ሆነ አየር ማጣሪያ ካለ እዚያ ይቀመጥ፤ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይተኛ። አራት ማዕዘን ቬንትሌተር ላይ መርቭ 13 የሚባለውን የአየር ማጣሪያ በቴፕ አጣብቆ የሚሠራው ማጣሪያ ከመደብር ከሚሸጠው እጅግ ይረክሳል፤ ብናኙን በመቀነስም ብዙ ይረዳል። የአየር ማቀዝቀዣ ሲገዛም ልብ የሚባል ነገር አለ። ባለ አንድ ቱቦ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ስለሚገፋ በምትኩ የጢሱን አየር በየስንጥቁ ወደ ውስጥ ይስባል። ባለ ሁለት ቱቦው ወይም መስኮት ላይ የሚገጠመው የውስጡን አየር እያዞረ የሚያቀዘቅዘው ይሻላል።

ቬንትሌተርስ? የአየሩ ሙቀት ከቆዳ ሙቀት በላይ ሲሆን ሙቅ አየር ሰውነት ላይ መንፋት ብቻ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የአሜሪካ የጤና ተቋማትም ወደ ጥንቃቄ ያዘነብላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ ከ40 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ መጠቀም ይቻላል የሚል ነው። ቆዳን በውኃ እያረጠቡ ከሆነ ጥቅሙ ይጨምራል፤ የማያልባቸው አረጋውያን በደረቅ ቆዳ ፊቱ ቢቀመጡ ግን ደኅና የሆኑ ይመስላቸዋል እንጂ አልቀዘቀዙም።

በእኛ ቤቶች ውስጥ የሚታይ ሌላም ነገር አለ። መስኮቱ ለጭስ ተብሎ በተዘጋበት ቀን ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጤሳል። የዕጣኑና የቡናው ጭስ ውስጥ ያለው ብናኝ ከጫካው ብናኝ በጥቃቅንነቱ አይለይም፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድም አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲጋል ከማሞቂያ አይተናነስም። በዚያ ሳምንት እንጀራውን ከመደብር መግዛት፣ ቡናውን ተቆልቶ ከተፈጨ ማፍላት፣ ዕጣኑን ማቆየት ሕይወትን የሚመለከት ውሳኔ ነው።

ማቀዝቀዣ ለሁሉም ይዳረስ የሚለውን የሚቃወሙ ወገኖች፣ ማሽኑ የቤቱን ሙቀት ወደ ጎዳናው እንደሚተፋና የኤሌክትሪክ ፍጆታን እንደሚያንር ያስታውሳሉ። እውነት ነው፤ በረጅም ጊዜ የውጭ መጋረጃ፣ ዛፍና የተሻሻለ የግንባታ ሕግ ይበልጣሉ። ነገር ግን ዛፍ አሥር ዓመት ይፈልጋል። ከ2021 በኋላ ኦሪጎን አከራዮች ተከራይ ማቀዝቀዣ እንዳይገጥም የሚከለክሉበትን አሠራር በሕግ ገደበች፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ለተጋላጮች ነፃ ማቀዝቀዣ ማደል ጀመረች። በእኔ ዕይታ ይህ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው።

ሦስተኛ ግጭትም አለ። ነፋስ ሲበረታ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሽቦ ወድቆ እሳት እንዳያስነሳ ኃይል አስቀድመው ያቋርጣሉ። በ2018 በካሊፎርኒያ የፓራዳይዝ ከተማን አጥፍቶ 85 ሰዎች የገደለው እሳት የተነሳው ከኤሌክትሪክ መስመር በመሆኑ ጥንቃቄው ምክንያት አለው። ግን ኃይል ሲቋረጥ ማቀዝቀዣውም፣ ማጣሪያውም፣ የኦክስጅን መሣሪያውም ይቆማሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ያለው ቤተሰብ ለኩባንያው አስቀድሞ ማስመዝገብ ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

“ውጡ” ሲባል

በዋሽንግተንና በኦሪጎን የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ተዘጋጁ፣ ሁለተኛው ለመውጣት ቆማችሁ ጠብቁ፣ ሦስተኛው አሁኑኑ ውጡ ነው። ለወጣት ባለ መኪና ሦስቱ ደረጃዎች ይሠሩ ይሆናል። ደረጃ መውረድ ለሚከብዳቸው አባት ወይም መኪና ለሌላት ቤተሰብ ግን ሁለተኛው ደረጃ የመውጫ ሰዓት ነው። በፓራዳይዝ ከሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ 102 ሰዎች በሞቱበት በላሃይናም እንዲሁ። በላሃይና የከተማው የአደጋ ጊዜ ሳይረን አልተነፋም ነበር።

በስልክ የሚላኩት የአደጋ መልእክቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ናቸው። ሲያትል መረጃዎቿን በአማርኛም ትተረጉማለች፤ ትርጉም ግን ጊዜ ይወስዳል፤ እሳት ደግሞ አይጠብቅም። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ስልኩ በዚያ እንግዳ ድምፅ ሲጮህ የት መደወል እንዳለባቸው አስቀድሞ ካልተነገራቸው አጥፍተውት ሊተኙ ይችላሉ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የዜግነት ወረቀትና የመድኃኒት ዝርዝር በአንድ ቦርሳ ውስጥ በር አጠገብ ቢቀመጡ፣ ቢጠፉ ለመተካት ወራት የሚፈጁት ነገሮች ይተርፋሉ።

ብቻቸውን ለሚኖሩ

ዘመድ ብዙውን ጊዜ የሚደውለው ቀን፣ የውጭው ሙቀት በበረታበት ጊዜ ነው። አፓርታማው ግን ከሁሉ የሚግለው ከዚያ በኋላ፣ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ስልኩ መደወል ያለበት ምሽት ላይ ነው፤ ጥያቄውም “ደኅና ነዎት?” መሆን የለበትም። እናቶቻችን “ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ፤ አእምሮው በሙቀት መዛባት የጀመረ ሰውም ይህንኑ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ርካሽ ቴርሞሜትር ተሰቅሎ ቁጥሩ ይነበብ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጤና ባለሥልጣናት የቤት ውስጥ ሙቀት እስከ 26 ዲግሪ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማ፣ ከ31 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ደግሞ ለተጋላጮች አደገኛ ነው ይላሉ። ቁጥሩ 31 ካለፈ ሰው ልኮ ወደ ቀዘቀዘ ቦታ መውሰድ፤ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ቀኑን ከሳቱ ወይም ቆዳቸው የጋለ ከሆነ 911 መደወል፣ እርዳታው እስኪመጣም ልብሳቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እየነከሩ ማራገብ ነው።